28ኛው ክፍል

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ የጃፓን ካርቱን ነው። አዎ፣ ካርቱን! «ሃያን አልፋችሁ ገና ካርቱን ላይ ናችሁ?» የሚሉን አልጠፉም። አንዷ የቤት አከራያችን ናቸው። (እሳቸው በቀን ሦስት የቱርክ ድራማ ይከታተላሉ፤ እሱ ግን ቁም ነገር ነው።) እኛም መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው። «እትዬ፣ ይሄኛውን ልጅ ቢያየው አይገባውም።»

እኛ ማለት ሦስት የሐይቅ ልጆች ነን። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ፣ ሐይቁን በስተቀኝ አይታችሁ «አቤት ውበት!» ብላችሁ ወደ ወልዲያ የምታልፉባት ሐይቅ። አንዳችን ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዳችን ነርስ፣ አንዳችን ደግሞ ጋዜጠኝነት ተመርቀን የሰው ጽሑፍ ስናርም የምንውል ነን። አዲስ አበባ በአንድ ክፍል ቤት ተዳብለን እንኖራለን። ማታ ማታ ላፕቶፑን ረከቦቱ ላይ አስቀምጠን፣ ሰፈራችን ካለው ፊልም ማስጫኛ ቤት በፍላሽ ያመጣነውን እናያለን። ይሄንን ተከታታይ የጫነልን ልጅ «የድሮ ነው፣ ማንም አይወስደውም» ብሎ ሒሳቡን ቀንሶልናል። ተባረክ!

ስሙ «ማክሮስ» ይባላል። ሙሉ ስሙ ረዘም ይላል፤ «ሱፐር ዳይሜንሽን ፎርትረስ ማክሮስ»። በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1982 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1975 መሆኑ ነው፤ እናቶቻችን ገና ልጆች ሳሉ። 36 ክፍል አለው። ዳይሬክተሩ ኖቦሩ ኢሺጉሮ ናቸው። 110 ክፍል ያለውን «የጋላክሲው ጀግኖች ታሪክ»ንም በኋላ የመሩት እሳቸው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አርፈዋል። እንዲህ ያለው ሥራ «ስፔስ ኦፔራ» ይባላል። ሜዳው ጠፈር፣ ተዋጊው ሁለት ሥልጣኔ፣ መርከቡ እንደ አሸዋ የበዛ።

«ታዲያ የጠፈር ጦርነት ከሐይቅና ከአምባሰል ጋር ምን አገናኘው?» አትሉንም? ታገሱን፣ እንደርስበታለን።

ማንም ያልተኮሰው መድፍ

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲት ግዙፍ መርከብ ከጠፈር መጥታ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ካለች ደሴት ላይ ትወድቃለች። (ፊልሙን ለሠሩት ሰዎች 1999 ገና ያልመጣ ዘመን ነበር።) ርዝመቷ 1,200 ሜትር ያህል ነው። የሰው ልጆች አሥር ዓመት ሙሉ ይጠግኗታል፣ በዙሪያዋም ከተማ ይቆረቁራሉ። በ2009 የምረቃው ቀን ደረሰ። ባንዲራው ተሰቅሎ፣ ሕዝቡ ወጥቶ፣ ሹማምንቱ ንግግር ላይ ሳሉ ዜንትራዲ የሚባሉ፣ ከሰው አምስት እጥፍ የሚረዝሙ ተዋጊዎች ምድር አጠገብ ብቅ ይላሉ። በዚህን ጊዜ የመርከቧ ትልቁ መድፍ በራሱ ተነስቶ ይተኩሳል። ያዘዘ የለም፣ ቁልፍ የነካም የለም። ለካስ የቀድሞ ባለቤቶቿ ጥለዋት ሲሄዱ፣ ጠላት በቀረበ ጊዜ በራሷ እንድትተኩስ አጥምደዋት ኖሯል!

በቃ፣ ጦርነት ተጀመረ። አሥር ዓመት ሙሉ ብሎን በብሎን የገጠሟትን መርከብ ውስጧን አላነበቡትም ነበር።

ይህን ስናይ ከመካከላችን አንዷ «ውጫሌ!» ብላ ጮኸች። ሁለታችንም ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባን። የሐይቅ ልጅ ወደ ወልዲያ በሄደ ቁጥር በውጫሌ ያልፋል፤ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። በአጠገቧ ይስማ ንጉሥ የሚባል ቦታ አለ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በኢጣሊያው መልእክተኛ በኮንት ፔትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው እዚያ ነው። 20 አንቀጽ፣ ሁለት ቋንቋ። ተማሪ ቤት ለፈተና የሸመደድነው 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ጉዳይ ሲኖራቸው ቢፈልጉ በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል። የኢጣሊያንኛው ግን እንደዚያ ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ነው። ልዩነቱ አንዲት ግሥ ናት።

ኢጣሊያ በዚያች ግሥ ተደግፋ፣ ዓመቱ ሳይዞር፣ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀች። ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ደብዳቤ ሲጽፉ የመጣላቸው መልስ «በኢጣሊያ በኩል ይሁን» የሚል ዓይነት ሆነ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ ዓድዋ ላይ የሆነው ሆነ።

አንድ ልዩነት ግን አለ፣ እሱን መሸፋፈን አንፈልግም። በማክሮስ ወጥመዱን ያጠመዱት ሰዎች ጥለው ጠፍተዋል፤ የሚጠየቅ የለም። የውጫሌው ወጥመድ ግን አጥማጅ ነበረው፣ ስምም ነበረው። የሚያመሳስላቸው ሌላ ነገር ነው። በመርከቧ ዙሪያ ቤት ሠርቶ የሚኖረው ሕዝብ በውስጧ ምን እንዳለ የሚነግረው አልነበረም፤ በይስማ ንጉሥ ዙሪያ ጤፉን ያጭድ የነበረው ገበሬም እንደዚያው። መድፉ የተኮሰ ቀን ግን የሚቃጠለው የእነሱ ቤት ነው።

(በነገራችን ላይ የትርጉም ጣጣ ካርቱኑንም አልማረውም። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካኖች ከሌሎች ሁለት የማይገናኙ ተከታታዮች ጋር ሰፍተው «ሮቦቴክ» ብለው አወጡት። ሂካሩ የነበረው ልጅ በአንድ ጀንበር ሪክ ሀንተር ተባለ። ምስኪን!)

ከተማዋ በመርከቧ ሆድ ውስጥ

መርከቧ ለማምለጥ በጠፈር ውስጥ ትዘላለች። አዘላለሉ ተበላሽቶ ግን ከተማዋን ከነደሴቷ ይዛ ፕሉቶ አካባቢ ብቅ ትላለች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከመጠለያው ወጥቶ ሰማዩን ሲያይ ሰማዩ የለም። ምን ይሁኑ? መርከቧ ሆድ ውስጥ ገቡ። እዚያው መንገድ ቀየሱ፣ ምግብ ቤት ከፈቱ፣ ሱቅ ደረደሩ። የቁንጅና ውድድርም አዘጋጁ። ወደ ምድር ለመመለስ ወራት ፈጀባቸው። ሲደርሱ ደግሞ መንግሥታቸው ሞተዋል ብሎ አውጆ ቆይቷል! ጦርነቱ እንዳይታወቅ ስለተፈለገ አትወርዱም ተባሉ። በሕይወት ያሉ ሰዎች፣ የገዛ አገራቸውን በመስኮት እያዩ።

እዚህ ክፍል ላይ ማንኛችንም አልተናገርንም።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወልዲያ በሕወሓት ኃይሎች ስትያዝ ሕዝቡ በእግሩም በአይሱዙም በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በውጫሌ፣ በሐይቅ አድርጎ ወደ ደሴ ጎረፈ። የደሴ ትምህርት ቤቶች ተፈናቃይ ሞላባቸው። የሐይቅ ሰው በየበሩ ቆሞ ለመንገደኛው ውኃና ቆሎ ያድል ነበር። ጥቅምት 2014 ላይ ግን ተራው የራሱ ሆነ። በጥቅምቱ መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻም ተያዙ። እኛ አዲስ አበባ ነበርን። ስልክ ስንደውል ያቺ የተቀዳች ሴትዮ ብቻ ናት የምታነሳው። «…ለጊዜው ማግኘት አይችሉም።» ለጊዜው! ስንት ጊዜ? ድምፅዋን እስከ ዛሬ አንወደውም።

መንግሥት ደሴና ኮምቦልቻ ተመለሱ ያለው ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ስልኩ ጠራ። ቤተሰቦቻችን ከሐይቁ ማዶ ገጠር ዘመድ ጋ ከርመው ተመልሰዋል። «ቤቱስ?» አልን። «ግድግዳው አለ» አሉን። በሩና እህሉ ግን አልነበሩም። እናቶቻችን ከዚያ ወዲህ ስለነዚያ ሳምንታት ያወሩን ነገር በሙሉ ጦርነት አይደለም። ቡና ስላለቀባቸው ገብስ ቆልተው ማፍላታቸውን ያወሩናል። እስላሟም ክርስቲያኗም አንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው ዱዓ ማድረጋቸውን ያወሩናል። ቀኑ አስቀድሞ የተቆረጠ አንድ ሠርግ አይቀርም ተብሎ እዚያው መደገሱንም ያወሩናል። እልልታው በሹክሹክታ ነበር አሉ። ጎረቤት እንዳይሰማ ሳይሆን ከባድ መሣሪያ የያዘ ሰው እንዳይሰማ።

ስለዚህ መርከቧ ሆድ ውስጥ የቁንጅና ውድድር ሲያዘጋጁ «ይሄማ የካርቱን ነገር ነው» አላልንም። በኋላም ከሐይቅ አጠገብ ባለው የጃሪ መጠለያ ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች መጥተው ሲያርፉ፣ በሸራ ድንኳን መካከል ጀበና ሲጣድ አይተናል። ሰው እንዲህ ነው።

አምባሰል በጃፓን

አሁን ወደ ዘፈኑ እንምጣ። ማክሮስን ከሌሎቹ የጠፈር ጦርነቶች የሚለየው ዘፈን ነው። ዜንትራዲዎች ለጦርነት ብቻ የተፈጠሩ ናቸው። ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ ይኖራሉ። ዘፈን አያውቁም፣ ጨዋታ አያውቁም፣ የተበላሸ ዕቃ እንኳ መጠገን አይችሉም። አንድ ጊዜ የተማረኩ ሁለት ሰዎች ፊታቸው ሲሳሳሙ የጦር አዛዦቹ በድንጋጤ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው! (ሳቅን፣ እንዴት አንስቅ!) ከዚያ ሦስት ሰላዮች አሳንሰው ወደ መርከቧ ይልካሉ። ሰላዮቹ የምግብ ቤቱን ዘመድ፣ ወጣቷን ዘፋኝ ሚንሜይን ያያሉ። አለቀላቸው! ሲመለሱ ይዘው የሄዱት ወታደራዊ ምስጢር ሳይሆን አሻንጉሊትና ዘፈን ነው። ወሬው ከመርከብ መርከብ ይዛመትና ብዙዎቹ እጅ መስጠት ይጀምራሉ።

እኛ ዘፈን ላይ አስተያየት የመስጠት መብት አለን ብለን እናምናለን። ለምን ቢሉ፣ ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ አንዱ የተሰየመው በሰፈራችን ተራራ ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም እናቶቻችን የያዙትን ሥራ ያቆማሉ። ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፆች አንዱ ከሌላው ያላቸው ርቀት፣ ኮቶ በሚባለው የጃፓን ክራር መሰል መሣሪያ ከሚሰማው የድሮ የጃፓን ቅኝት ጋር ልክ በልክ አንድ ነው። ፒያኖ ያለው ሰው ከዶ ተነስቶ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞልን ይንካ። አምባሰልም ነው፣ ጃፓንም ነው። ማን ከማን ወሰደ የሚባል አይደለም፤ ሁለት ተራራማ አገሮች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሐዘን አገኙ። (የሚንሜይ ዘፈኖች ራሳቸው ዘመናዊ ፖፕ ናቸው፤ ያንን እንዳትጠብቁ።)

እንግዲህ «ዘፈን ጦርነትን ያቆማል» ብለን ጽሑፋችንን እዚህ ላይ ብንዘጋው እንዴት ያምር ነበር! ግን አይሆንም። አንደኛ፣ እኛ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በየመኪናው ሞንታርቦ ሲጮህ የሰማነው ዘፈን ጦርነት የሚያቆም አልነበረም። ልጅ ከቤት የሚያስወጣ ዘፈን ነበር፣ በየአቅጣጫውም እንደዚያው። የሽለላውም የፉከራውም ዜማ እኛው ዘንድ ነው ያለው። ሁለተኛ፣ ካርቱኑ ራሱ እንደዚያ አይልም። በ27ኛው ክፍል በሚሊዮን የሚቆጠሩ የዜንትራዲ መርከቦች መጥተው ምድርን ያቃጥሏታል። ሚንሜይ ትዘፍናለች፣ ዘፈኑ በየመርከቡ ይሰማል፣ ጠላት ይደነግጣል። ከዚያስ? በደነገጠበት ቅጽበት ይተኮስበታል! ዘፈኑ መሣሪያ ሆኖ ነው ያገለገለው። ደግማችሁ ስታዩት ያስደነግጣል።

ለእኛ የገባን ከዚያ ቀደም ያለው ነው። እነዚያ ሰላዮች የዘፈኑን ግጥም በቅጡ አልተረዱትም። «ሰላም ይሁን» ስላላቸው አይደለም የከዱት። ለጦርነት የማይጠቅም ነገር የሚሠራ ፍጡር በዓለም ላይ እንዳለ ማወቃቸው ብቻ ነው ያናወጣቸው። የማክስና የሚሊያ ጋብቻም እንደዚያ ነው። የምድር አብራሪ የዜንትራዲ አብራሪ አገባ፤ ሠርጉም ለጠላት ሁሉ በቀጥታ ተሠራጨ። ለወሎ ሰው ይሄ ዜና አይደለም። ከእኛ ከሦስታችን የሁለታችን አያቶች አንዱ ወገን መስጊድ፣ አንዱ ወገን ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ናቸው። ያ ግን ጦርነቱን ከደጃችን አላስቀረውም። ቅርስ ብቻውን ዘበኛ አይሆንም።

ዘጠኙ ክፍሎች

ጦርነቱ በ27ኛው ክፍል አለቀ። ተከታታዩም ሲታቀድ እዚያ ላይ እንዲያበቃ ነበር፤ ተመልካቹ ስለወደደው ዘጠኝ ክፍል ተጨመረለት። ብዙ ሰው እነዚህን ዘጠኙን አይወዳቸውም። «27ኛው ላይ ቢያልቅ ይሻል ነበር» ይላሉ። ጥቂት ፍንዳታ፣ ብዙ ዝምታ። እኛን ግን የያዙን እነሱ ናቸው።

28ኛው ክፍል ሲጀምር ሁለት ዓመት አልፏል። መርከቧ በአንድ ሐይቅ መካከል ቆማለች፤ (አዎ፣ ሐይቅ!) በዙሪያዋ አዲስ ከተማ እየተሠራ ነው። ዜንትራዲዎቹ ከሰው ጋር ተቀላቅለው ይኖራሉ፣ የቀን ሥራ ይሠራሉ። ሚንሜይ ዓለምን ያዳነችውን ዘፈን በየትንንሹ አዳራሽ ለጥቂት ሰው ትዘፍናለች። ደክሟታል። ከዜንትራዲዎቹም አንዳንዶቹ አልቻሉም። ዕቃ መሸከም፣ ተራ መጠበቅ፣ ደመወዝ መቀበል አልቻሉም። ካምጂን የሚባለው የድሮ አዛዥ ደግሞ ከከተማ ርቆ ይሰበስባቸዋል።

ይህን ክፍል ያየነው አራት ሆነን ነው። የአንዳችን ወንድም ከሐይቅ ለሥራ መጥቶ ነበር። (ወሎ ላይ የአንዷ ወንድም የሦስታችንም ወንድም ነው።) በ2014 ዓ.ም. ግንባር ነበረ። አሁን ሕንፃ ግንባታ ላይ በቀን ሥራ ያድራል። ማታ እራት እኛ ጋ ይበላል፣ ካርቱኑን ጥግ ላይ ተቀምጦ ያያል። 27ኛው ሲያልቅ ይነሳል ብለን ነበር።

«ቆይ፣ ጦርነቱ አለቀ አይደል?»

«አለቀ።»

«ስንት ይቀራል?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ሙሉ ምን ሊያሳዩን ነው?» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

በሥራ መካከል የተሸከመውን የሚጥል፣ «እኛ ለዚህ አልተፈጠርንም» ዓይነት ነገር የሚጮህ ዜንትራዲ ሲመጣ ወንድማችን ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማነውም ነበር። «ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ» አለ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ተነስቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን እንዲህ አለ። «እዚያ እያለሁ ጠዋት ተነስቼ ምን እንደምሠራ አስቤ አላውቅም። የሚነግረኝ ነበር። እዚህ በየጠዋቱ ራሴ ማሰብ አለብኝ። እሱ ነው የሚያደክመው።»

«አብሽር» አልነው። ሌላ ምን ይባላል?

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም በቴሌቪዥን አይተናል። እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ አለቀስን፣ ተሳቅን፣ ቡና አፈላን። 27ኛው ክፍል ማለት እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን የሚያሳየን ቴሌቪዥን አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 2015 ላይ በክልላችን በመንግሥትና በፋኖ መካከል በተነሳው ግጭት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስልኩ እንደገና ኔትወርክ እምቢ አለ። ያቺ የተቀዳች ሴትዮም ተመለሰች።

ወንድማችን አብረውት ከነበሩት መካከል ተመልሰው ጫካ የገቡ እንዳሉ ነግሮናል። ስም አይጠራም፣ እኛም አንጠይቅም። ካምጂንን ሲያይ የተናገረው ግን ትዝ ይለናል። «ይሄ ሰውዬ ክፉ ስለሆነ አይደለም ሰው የሚከተለው። ሥራ ስለሚሰጣቸው ነው።» ከዚያ ወዲህ ማታ ስልኩ ሲጮህ ሦስታችንም ፊቱን እናያለን። እሱም እንደምናየው ያውቃል። አንዳንዴ ሆን ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሄሎ ፎርማን!» ይላል። ፎርማኑ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው።

እማዬ ስትደውል ምን እንደምንሠራ ጠየቀችን። ካርቱን እያየን ነው አልናት፣ ስለ ጦርነት።

«አለቀ ጦርነቱ?»

«አለቀ እማ።»

«ታዲያ ምኑን ታያላችሁ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን።»

ትንሽ ዝም አለችና «እሱንም ያሳያሉ?» አለች።

እንግዲህ ቁም ነገራችን ይኸው ነው። ኢሺጉሮ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ጃፓን በ1945 ስትሸነፍ ገና ልጅ ነበሩ፤ ያደጉት በተቃጠለ ከተማ ዘመን ነው። እነዚያ ዘጠኝ ክፍሎች ለገበያ ተብለው ቢጨመሩም የተሠሩት «ከዚያ በኋላ» ምን እንደሚመስል በሚያውቁ እጆች ነው ብለን እንገምታለን። የተከታታዩ መጨረሻም ሁሉም ታረቀ፣ ሁሉም ደስ አለው የሚል አይደለም። ካምጂን ተመልሶ ይመጣል፣ የተሠራው ከተማ እንደገና ይፈርሳል፣ የተረፉት ደግሞ እንደገና ይጀምራሉ።

ጋዜጠኝነት ስንማር ዜና ማለት የሆነ ነገር ሲሆን ነው ተብለናል። ተኩስ ሲጀመር ዜና ነው፣ ውል ሲፈረም ዜና ነው። የውጫሌ ውል ራሱ በታሪክ መጽሐፋችን ገብቶ ከተፈረመበት ቀን ቀጥታ ወደ ዓድዋ ይዘላል። ጦር ሲመላለስባት የኖረችው የአምባሰል ገበሬ ቤት ከዓድዋ በኋላ ምን በላች የሚል ጥያቄ በፈተና ወጥቶ አያውቅም። በር ተነቅሎበት የከረመ ቤት በር መቼ እንደተገጠመለት ዜና አይሆንም። በጦርነቱ ሳቢያ ትምህርት አቋርጣ ከእኩዮቿ ሁለት ክፍል ወደ ኋላ የቀረች ልጅ፣ በሹክሹክታ የተሞሸሩት ባልና ሚስት፣ በየጠዋቱ ራሱ ማሰብ ያለበት የቀን ሠራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ዘጠኙ ክፍሎች ውስጥ ናቸው። ማንም ካልጻፋቸው ካምጂን ብቻ ነው የሚጠራቸው።

እኛ ሦስታችን አንድ ነገር ጀምረናል። ክረምት ሐይቅ ስንሄድ በየቤቱ ቡና እየጠጣን «ከዚያ በኋላስ?» እያልን እንጠይቃለን። በቀይ ደብተር እንጽፋለን። ሁለተኛው ደብተር ላይ ደርሰናል። እናንተም ወንድም፣ ጎረቤት፣ አብሮ አደግ ከግንባር የተመለሰ ካላችሁ «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። እሱን ሁሉም ጠይቆታል። «ዛሬ ሥራ እንዴት ዋለ?» በሉት። ከቻላችሁም ሥራ ፈልጉለት።

ወንድማችን እስካሁን በየጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እየወጣ ነው። ዛሬም ወጥቷል።

ቸር ሰንብቱ! አብሽሩ!